ኩፐርስታውን ሆል ኦፍ ፌም ሄደን መጣን፦ በሕይወት ካሉት ትልቁ ተጫዋች ማነው?

በኦገስት 2025 ከቨርጂኒያ ተነስተን ኩፐርስታውን፣ ኒውዮርክ ድረስ ነድተን የቤዝቦል ሆል ኦፍ ፌምን፣ የታላላቅ ተጫዋቾችን የክብር ሙዚየም፣ አይተን መጣን። ሦስት ሆነን ነው የሄድነው፣ እኔ፣ የ14 ዓመት ልጄ እና የባለቤቴ አጎት፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ከዛ ወዲህ ሰው ሁሉ እየደወለ እንዴት ነበር፣ ልጆቹን ይዤ ልሂድ ወይ እያለ ስለሚጠይቀኝ በቃ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። አራቱን ለምን እንደሰጠሁ አንዷን ለምን እንደያዝኩ ለመናገር ግን መጀመሪያ እኛ ቤት ያለውን ክርክር ማወቅ አለባችሁ፣ ምክንያቱም የሄድነው ለሽርሽር ሳይሆን ክርክሩን እዛ ሄደን እንጨርሰው ተባብለን ነው።

ክርክሩ፣ አሁን በሕይወት ካሉት የቤዝቦል ተጫዋቾች ትልቁ ማነው የሚል ነው። ድሮ ይሄ ጥያቄ አያጣላንም ነበር፣ ዊሊ ሜይስ ነዋ! 660 ሆምራን (ኳሱን ከሜዳ ውጭ አሻግሮ መምታት)፣ 12 ጎልድ ግላቭ (የምርጥ ተከላካይ ሽልማት)፣ 24 ጊዜ ኦል ስታር (የዓመቱ ምርጦች ጨዋታ)፣ መምታት ትላለህ መሮጥ ትላለህ ኳስ ማሳደድ ትላለህ መወርወር ትላለህ፣ የጎደለው ነገር የለም። ጋሼም እኔም ልጄም እሱ ላይ አንድ ነበርን። ከዛ ጁን 18፣ 2024 በ93 ዓመቱ አረፈ። ሃንክ አሮን ጃንዋሪ 2021 ላይ ሄዷል። ሪኪ ሄንደርሰን፣ 1406 ቤዝ የሰረቀው (ኳሱ ሳይመታ ወደሚቀጥለው የሩጫ ማረፊያ ሮጦ የደረሰው)፣ በዛው በ2024 ዲሴምበር ላይ ሄደ። እና ወንበሩ ባዶ ሆነ፣ ባዶ ወንበር ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ሁሉም የራሱን ሰው ሊያስቀምጥበት ይፈልጋል።

በነገራችን ላይ ይሄ "በሕይወት ካሉት ትልቁ" የሚለው ነገር እኛ የፈጠርነው አይደለም። በ1969 የፕሮፌሽናል ቤዝቦል 100ኛ ዓመት ሲከበር ለጆ ዲማጂዮ በድምጽ የተሰጠ ማዕረግ ነው፣ ሰውየውም እስኪሞት ድረስ (1999) የትም ሲጠራ በዚህ ስም እንዲጠሩት ይፈልግ ነበር። በ2015 ደግሞ ለኦል ስታር ጨዋታ ሕዝቡ ድምጽ ሰጥቶ አራት ሰው መረጠ፣ ሜይስ፣ አሮን፣ ሳንዲ ኮፋክስ እና ጆኒ ቤንች። አራቱም ሲንሲናቲ ሜዳ ላይ ወጥተው ቆሙ። አስር ዓመት ሳይሞላ ከአራቱ ሁለቱ የሉም።

የኔ ሰው ባሪ ቦንድስ ነው። የልጄ ጃፓናዊው ሾሄይ ኦታኒ ነው። የጋሼ ደግሞ የባልቲሞር ኦሪዮልሱ ካል ሪፕከን ነው። ጋሼ በ80ዎቹ መጀመሪያ በሱዳን በኩል አድርገው ዲሲ ገብተው ታክሲ ሲነዱ ዋሽንግተን የራሷ ቡድን አልነበራትም፣ ናሽናልስ የመጣው በ2005 ነው፣ ስለዚህ ማታ ማታ በሬዲዮ የሚሰሙት የባልቲሞር ኦሪዮልስን ነበር። እንግሊዝኛውን ያሻሻሉት በቤዝቦል ሬዲዮ ነው ብዬ ብናገር አላጋነንኩም፣ ዛሬም ነገር ሲበላሽባቸው "ሁለት አውት ሆነ" ነው የሚሉት፣ አንድ ዕድል ብቻ ቀረ ለማለት።

ወደ ሙዚየሙ። ከኛ ሰፈር ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይነዳል። ባቡር የለም፣ ከአይ 88 ወጥታችሁ በገጠር መንገድ ነው የምትገቡት፣ ከብትና የበቆሎ ማሳ እያያችሁ። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ከ2 ሺህ ሰው በታች ነው የሚኖርባት፣ አንድ ዋና መንገድ፣ ጫፉ ላይ ኦትሴጎ የሚባል ሐይቅ። በበጋ መኪና ማቆሚያ መፈለግ ራስ ምታት ነው፣ እኛ 25 ደቂቃ ዞረናል፣ ከዛ ነው ከከተማው ዳር ነጻ ማቆሚያዎች እንዳሉና ከዛ ትሮሊ እንደሚያመጣ ያወቅነው። እናንተ ቀጥታ እዛ አቁሙ።

ይሄ ሙዚየም ለምን እዚህ ገጠር ውስጥ ሆነ ካላችሁ፣ ድሮ አብነር ደብልዴይ የሚባል የጦር ሰው በ1839 ቤዝቦልን እዚህ ፈጠረው የሚል ታሪክ ስለነበረ ነው። እውነት አይደለም፣ ሰውየው ቤዝቦልን አልፈጠረም፣ ዛሬ ይሄን የሚከራከር የታሪክ ሰው የለም። ግን በ1930ዎቹ አንድ አሮጌ የተሰፋ ኳስ አቅራቢያው ካለ ገበሬ ቤት ጣሪያ ስር ተገኘ፣ ስቲቨን ክላርክ የሚባል የከተማው ሀብታም በ5 ዶላር ገዛው፣ ከዛች ኳስ ተነስቶ ነው ሙዚየሙ በጁን 12፣ 1939 የተከፈተው። ታሪኩ ተረት፣ ቤቱ ግን እውነተኛ ሆኖ ቀረ። ለኔ ይሄ ቅር አይለኝም።

ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀበሏችሁ ሦስት የነሐስ ሐውልቶች ናቸው፣ ሉ ጌሪግ፣ ጃኪ ሮቢንሰን፣ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ። እንደ ሰው ቁመት ናቸው፣ ከፍ ያለ ነገር ላይ አልሰቀሏቸውም፣ ጎናቸው ቆማችሁ ትከሻ ለትከሻ ፎቶ ትነሳላችሁ። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ የሃንክ አሮን ሐውልት ተጨምሯል። ጋሼ ገና እዛ ላይ ኮፍያቸውን አወለቁ። "ቤተክርስቲያን አይደለም እኮ ጋሼ" አላቸው ልጄ፣ "አውቃለሁ" ብለው እንደያዙት ቀጠሉ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ፣ የሰሌዳዎቹ አዳራሽ። ሌላውን ሁሉ ባታዩ ይሄን ብቻ አይታችሁ ብትመለሱ መንገዱ አይቆጭም። ረጅም ጸጥ ያለ አዳራሽ ነው፣ ግድግዳው በእንጨት የተሸፈነ፣ እና ዙሪያውን የነሐስ ሰሌዳዎች በገቡበት ዓመት ተራ ተደርድረዋል። ከ1936ቱ አምስት ሰዎች ትጀምራላችሁ፣ ታይ ኮብ፣ ቤብ ሩዝ፣ ሆነስ ዋግነር፣ ክሪስቲ ማቲውሰን፣ ዋልተር ጆንሰን፣ ከዛ እየዞራችሁ እየዞራችሁ ወደኛ ዘመን ትደርሳላችሁ። አንድ ሰሌዳ ላይ ፊቱ አለ፣ ስሙ፣ ቅጽል ስሙ፣ የተጫወተባቸው ቡድኖችና ዓመታት፣ ከዛ ምን እንደሠራ በጥቂት መስመር። ትልቁም ትንሹም እኩል ሰሌዳ ነው ያለው፣ ቤብ ሩዝ ስለሆነ ሰፋ አላለለትም።

ልጄ እየዞረ እያለ "አባ፣ ከነዚህ ውስጥ በሕይወት ያለው የቱ እንደሆነ በምን ይታወቃል?" አለኝ። ቆሜ አየሁ። አይታወቅም! ሰሌዳው በአብዛኛው የተጫወተበትን ዓመት ነው እንጂ የተወለደበትንና የሞተበትን አይነግራችሁም። ከሞተ 70 ዓመት ያለፈው ሩዝና ትላንት ሜዳ ላይ ያየነው ሰው አንድ ዓይነት ነሐስ፣ አንድ ዓይነት ፊደል ናቸው። እኛ ስድስት ሰዓት ሙሉ መኪና ውስጥ "በሕይወት ካሉት" ስንል መጥተን ግድግዳው ለዛ ነገር ቦታ እንደሌለው ያየነው ያኔ ነው። የሜይስ ሰሌዳ ጋ ስንደርስ ጋሼ ዝም ብለው በጣታቸው ፊቱን ነኩት፣ ከዛ እጃቸውን አነሱ። እኔም ምንም አላልኩ።

ሰሌዳዎቹ ደግሞ ስህተት ሲኖርባቸው ይቀየራሉ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። የክሌሜንቴ በ1973 ሲሠራ ስሙን በአሜሪካኖች ልማድ ገልብጠው "ሮቤርቶ ዎከር ክሌሜንቴ" ብለው ነበር፣ ዎከር የእናቱ ስም ስለሆነ በስፓኒሽ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ በ2000 አዲስ ሰሌዳ ተሠርቶ ተስተካከለ። ስማችንን በአውሮፕላን ማረፊያና በባንክ ሲያገለባብጡብን ለኖርን ሰዎች ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። የጃኪ ሮቢንሰን ደግሞ የድሮው ሰሌዳ በ1947 ጥቁሮች ላይ የተዘጋውን በር ስለመክፈቱ አንድም ቃል አልነበረውም፣ በ2008 ነው በአዲስ ተተክቶ ነገሩ የተጻፈው። ነሐስ ነው ብለህ አይቀየርም ማለት አይደለም፣ ይሄን ለቦንድስ ክርክር ይጠቅመኛል ብዬ በልቤ ያዝኩት።

2013 ጋ ስንደርስ ልጄን ጠራሁት፣ ና እነዚህን እያቸው አልኩት። በዛ ዓመት የገቡት ሦስት ናቸው። ዲከን ዋይት፣ በባዶ እጅ ኳስ ሲይዝ የነበረ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጫዋች፣ ሃንክ ኦዴይ፣ ዳኛ፣ እና ጄከብ ሩፐርት፣ የያንኪስ ባለቤት የነበረ። ሦስቱም የሞቱት በ1930ዎቹ ነው። በሕይወት ያለ አንድም ሰው አልገባም! እና ያ ዓመት ምን ዓመት ነው? ቦንድስና ሮጀር ክሌመንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምርጫ የቀረቡበት ዓመት ነው። ሕጉ እንዲህ ነው፣ ተጫዋች ካቆመ አምስት ዓመት ይጠበቃል፣ ከዛ አስር ዓመትና ከዛ በላይ በማኅበራቸው የቆዩ የቤዝቦል ጋዜጠኞች ድምጽ ይሰጣሉ፣ 75 ፐርሰንት ያገኘ ይገባል። ድሮ 15 ዓመት እጩ ሆኖ መቆየት ይቻል ነበር፣ በ2014 ወደ 10 ዝቅ አደረጉት። ቦንድስ በመጨረሻው ዓመቱ፣ በ2022፣ 66 ፐርሰንት አገኘ፣ አለቀ።

እስቲ ቁጥሩን እዩልኝ። 762 ሆምራን፣ በሜጀር ሊግ (በአሜሪካ ዋናው ሊግ) ከሱ በላይ የመታ የለም። በ2001 በአንድ ሲዝን 73፣ አሁንም ሪከርድ ነው። ሰባት ኤምቪፒ (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት)፣ ሰባት! 2558 ዎክ (ሳይመታ በነጻ ወደ አንደኛ ቤዝ መሄድ)። ግን ሁሌ የምለው፣ ቦንድስን ለመረዳት የመታውን ሳይሆን እንዳይመታ ያደረጉትን ነው ማየት። ቤዝቦል ለማታውቁ፣ በቦንድስ ዘመን ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) በጣም የሚፈራው ሰው ሲመጣበት አውቆ ኳሱን ወደ ውጭ እየወረወረ በነጻ አንደኛ ቤዝ ይሰጠው ነበር፣ ይሄን 688 ጊዜ አደረጉለት። በ2004 ብቻ 120 ጊዜ። እሺ ያ የስቴሮይዱ (ጡንቻ የሚያጠነክረው የተከለከለ መድኃኒት) ዘመን ነው በሉ። ሜይ 28፣ 1998 ግን፣ ማለትም ሰዎች ስቴሮይድ ተጠቀመ ከሚሉበት ጊዜ በፊት፣ አሪዞና 9ኛው ኢኒንግ (የመጨረሻው ዙር) ላይ 8 ለ 6 እየመሩ፣ ሁለት አውት፣ ሦስቱም ቤዝ ሙሉ ሆኖ ቦንድስ ሊመታ ሲመጣ በነጻ አሳለፉት። ሦስቱም ቤዝ ሙሉ ሆኖ ማለት እኮ አንድ ሩጫ (አንድ ነጥብ) በእጃቸው ሰጡት ማለት ነው! 8 ለ 7 ሆነ፣ ቀጥሎ የመጣውን አወጡት፣ አሸነፉ። ይሄን ፍርሃት በየትኛውም ስፖርት አሳዩኝ።

እስከ 1998 መጨረሻ ድረስ ብቻ ብትቆጥሩለት ሦስት ኤምቪፒ፣ 411 ሆምራን እና 445 የተሰረቀ ቤዝ ነበረው፣ ሁለቱንም ከ400 በላይ ያደረገ ሌላ ሰው እስከ ዛሬ የለም። እዛ ላይ ቢያቆም በመጀመሪያው ምርጫ ይገባ ነበር። ስቴሮይዱን አልክድም፣ የባልኮ (ለስፖርተኞች ስቴሮይድ ያቀርብ የነበረ ላብራቶሪ) ምርመራ አለ፣ ፍርድ ቤት ሄዷል፣ በ2011 ፍትሕ አደናቀፈ ተብሎ ተፈረደበት፣ በ2015 ይግባኝ ላይ ተሻረ። ሊጉ ግን ራሱ ቅጣት ያለው ምርመራ የጀመረው በ2004 ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ኮሚሽነር (የሊጉ አለቃ) የነበረው ባድ ሲሊግ ሰሌዳው ግድግዳው ላይ አለ፣ 2017 ገባ። እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው፣ ቤቱን ያስተዳደረው ሰው አዳራሽ ውስጥ፣ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ልጆች ውጭ። አንዷን ኮከብ የያዝኩት በዚህ ነው፣ ሙዚየሙ ድምጽ ባይሰጥም አዳራሹ የሱ ነው።

ጋሼ ይሄን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ "ጨረስክ?" አሉኝ፣ ጨረስኩ አልኳቸው፣ እጄን ይዘው ወደ 2007 መለሱኝ። ካል ሪፕከን። "አንብብ" አሉ። 2632 ተከታታይ ጨዋታ። ከሜይ 30፣ 1982 እስከ ሴፕቴምበር 1998 አንድም ቀን ሳይቀር። "አንተ ስለ ፍርሃት ነገርከኝ፣ እኔ ደግሞ ስለ መገኘት ልንገርህ" አሉኝ። ሴፕቴምበር 6፣ 1995፣ የሉ ጌሪግን 2130 ያለፈበት ማታ፣ ጋሼ ኮነቲከት አቬኑ ላይ ታክሲውን ዳር አስይዘው ሞተሩን አጥፍተው በሬዲዮ ሰሙ። ጨዋታው መሃል ላይ ቆሞ ሕዝቡ 22 ደቂቃ አጨበጨበ፣ ሪፕከን ሜዳውን እየዞረ እጅ ጨበጠ። "ሁለት ተሳፋሪ አንኳኩቶ ሄዷል፣ አልከፈትኩም። ያን ሰሞን እኔም ራሴ አንድ ቀን ሳልቀር ስሠራ አስራ አንደኛ ዓመቴ ነበር፣ ልጅ ላሳድግ፣ እናቴ ጋ ልልክ። የሚያጨበጭብልኝ ሰው አልነበረም፣ ያን ማታ ግን ለኔም የተጨበጨበ መሰለኝ።"

ምን ትላላችሁ ለዚህ? 3184 ሂት (መትቶ ቤዝ መድረስ) እና ሁለት ኤምቪፒ ያለው ሰው ነው፣ ትልቅ ነው፣ እንደ ተጫዋች ግን ከቦንድስ ጋ አይወዳደርም፣ ይሄን አሁንም እላለሁ። ግን ያን ቀን ጋሼን አልመለስኩላቸውም።

ፎቁ ላይ ስትወጡ ነገሩ ይበዛል፣ ቢያንስ አራት ሰዓት ያዙለት። "ሶልስ ኦቭ ዘ ጌም" የሚለው የጥቁሮች ቤዝቦል ኤግዚቢሽን በ2024 የተከፈተ ነው፣ በደንብ የተሠራ፣ ድምጻቸው ራሱ ይሰማል። በዛው ዓመት ሊጉ የኔግሮ ሊግ (ጥቁሮች ተለይተው ይጫወቱበት የነበረ) ቁጥሮችን ከሜጀር ሊግ መዝገብ ጋ ስላዋሃደ የጆሽ ጊብሰን የመምታት አማካይ .372 ከታይ ኮብ .367 በላይ ሆኖ አንደኛ ተቀምጧል። ጊብሰን በ1947 ጃንዋሪ፣ ሮቢንሰን ሜዳ ከመግባቱ ሦስት ወር ቀድሞ ነው የሞተው። አላየውም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሃንክ አሮን ክፍል አለ። ለልጄ ያሳየሁት ሂሳብ ይሄ ነው፦ አሮን 3771 ሂት አለው፣ 755ቱ ሆምራን ነው፣ ሆምራኑን በሙሉ ሰርዝለት፣ 3016 ይቀራል። ያለ አንድ ሆምራን 3 ሺህ ሂት! ልጄ ስልኩ ላይ ቀንሶ አረጋገጠ፣ ከዛ ለጓደኞቹ ላከው።

ስለ አሮን ካነሳን፣ ኦገስት 7፣ 2007 ቦንድስ 756ኛውን መትቶ የአሮንን ሪከርድ ሲያልፍ አሮን በቪዲዮ እንኳን ደስ ያለህ ብሎታል፣ ሜዳው ስክሪን ላይ ታየ። ያቺን ኳስ ማርክ ኤኮ የተባለው የልብስ ዲዛይነር ከ750 ሺህ ዶላር በላይ አውጥቶ ገዝቶ ምን ላድርጋት ብሎ ኢንተርኔት ላይ ድምጽ አሰጠ፣ ሕዝቡም ኮከብ ምልክት (*፣ ሪከርዱ ጥያቄ አለበት ለማለት) ቅረጽባት አለ። ተቀረጸባት፣ እና በ2008 ለሙዚየሙ ተሰጠች። አስቡት፣ ኳሷ ውስጥ ናት፣ የመታት ሰውዬ ውጭ ነው። ሙዚየሙ ይሄን ክርክር አንድ ክፍል ሰጥቶት ፊት ለፊት ቢያቀርበው፣ ኳሷን መሃል አድርጎ የሚደግፈውንም የሚቃወመውንም ቢያሰማ፣ ያቺን የያዝኳትን ኮከብ እዛው እለቅ ነበር። አሁን ግን ስለ ስቴሮይድ ዘመን ያለውን ነገር ቆርጦ ቆርጦ እዚህም እዚያም ነው የምታገኙት።

ልጄ ደስ ያለው የጃፓንና የአሜሪካ ቤዝቦል ኤግዚቢሽን ላይ ነው፣ በ2025 ጁላይ የተከፈተ፣ ያው ኢቺሮ ሱዙኪ የገባበት ወር ነው። የኢቺሮ ሰሌዳ ትኩስ ነበር፣ ነሐሱ ከሌላው ያበራል። 394 ሰው ድምጽ ሰጥቶ 393ቱ መርጦታል፣ አንዱ ማን እንደሆነ እስካሁን ወጥቶ አልተናገረም። እስከዛሬ መቶ ፐርሰንት ያገኘ ማሪያኖ ሪቬራ ብቻ ነው፣ 2019። ልጄ ኢቺሮን አይቶ "ኦታኒም እዚህ ይመጣል፣ ያኔ አንተ ትነዳኛለህ ወይ እኔ እነዳሃለሁ" አለኝ። ስለ ኦታኒ የሚለው ቀላል ነው፣ ሌሎቹ ወይ ይመታሉ ወይ ይወረውራሉ፣ እሱ ሁለቱንም ያደርጋል፣ በቃ። 2024 ላይ ክርኑ ታክሞ መወርወር ባልቻለበት ዓመት 54 ሆምራን መትቶ 59 ቤዝ ሰረቀ፣ 50ና 50 ያለፈ የመጀመሪያው ሰው። ቤብ ሩዝም ሁለቱንም ሠርቷል፣ ግን ሩዝ መምታቱን ሲያጠብቅ መወርወሩን ተወው። የኔ መልስ ገና አልጨረሰም ነው። በሕይወት ካሉት ትልቁ ማለት ሕይወቱ ሳይሆን ሥራው ያለቀ ሰው ነው ለኔ፣ ፒቸሩ ኮፋክስ እንኳ 30 ዓመቱ ላይ ክርኑ አልችልም ብሎት ሲያቆም ሥራው ያለቀ ሥራ ነበር።

ኮፋክስን ሁሌ በአንድ መስመር እናልፈዋለን፣ ልክ አይደለም። አራት ኖ ሂተር (ሙሉ ጨዋታ አንድም ሂት ያልሰጠበት)፣ አንዷ ፐርፌክት ጌም (አንድም ሰው ቤዝ ያልደረሰበት)፣ ሦስት ሳይ ያንግ (የዓመቱ ምርጥ ፒቸር ሽልማት) በአራት ዓመት ውስጥ። የ1965ቱን ወርልድ ሲሪስ (የዋንጫ ፍጻሜ) የመጀመሪያ ጨዋታ በሃይማኖቱ፣ በአይሁድ የጾም ቀን በዮም ኪፑር፣ ስለዋለ አልጫወትም አለ። ጾማችንን ሥራ ቦታ ለማስረዳት ስንት ጊዜ የተቸገርን ሰዎች ይሄን ስንሰማ ደስ ይለናል። ጋሼ ሪፕከን ባይኖር ኮፋክስን እመርጥ ነበር ያሉት በዚህ ነው።

የ2025 ሰሌዳዎች ጋ ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። ዲክ አለን ሁለት ጊዜ በአንድ ድምጽ ብቻ ቀርቶ (ሁለተኛው በ2020 ከሞተ በኋላ ነው)፣ አሁን ገባ። ዴቭ ፓርከር መመረጡን በሕይወት ሰማ፣ ደስታውን ሁሉም አየ፣ ጁን 28 ሞተ፣ ሥነ ሥርዓቱ ጁላይ 27 ነበር። አንድ ወር! ፒት ሮዝ ደግሞ፣ 4256 ሂት፣ በቁማር ታግዶ ሴፕቴምበር 2024 ሞተ፣ በ2025 ሜይ ላይ ሊጉ "እገዳው በሞት ያበቃል" ብሎ አነሳለት። ቁማሩን አልደግፍም። ግን ሰው ቆሞ እያለ የማይከፈት በር ሲሞት መከፈቱ ለማን ነው? ቦንድስም ስልሳን አልፏል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልስጥና ልጨርስ። ዋናው መንገድ ላይ የካርድና የፊርማ ሱቆች በሽ ናቸው፣ ተጠንቀቁ። እኔ ከአንዱ ሱቅ ለጋሼ የ1982 የሪፕከን ሩኪ ካርድ (የጀማሪነት ዓመቱ የፎቶ ካርድ) ኦሪጅናል ነው ተብዬ ፕላስቲክ ውስጥ ታሽጎ ገዛሁ፣ ማታ ሆቴል ስናወጣው ጀርባው ታች ጥግ ላይ በጣም ደቃቅ ፊደል ዳግም የታተመ መሆኑ ተጽፏል፣ የዋጋው ስቲከር ልክ እሱ ላይ ነበር የተለጠፈው። በማግስቱ ስመልሰው ደረሰኙ ላይ "አይመለስም" ይላል አሉኝ። እናንተ ከፕላስቲኩ አስወጥታችሁ ጀርባውን ሳታነቡ እንዳትከፍሉ። ሙዚየሙ ራሱ ሱቅ ግን ጥሩ ነው፣ የእያንዳንዱን ሰሌዳ ፎቶ በፖስትካርድ ይሸጣሉ፣ ርካሽ ነው፣ ጋሼ ሪፕከንና ሜይስን ገዝተው መኪናቸው ጸሐይ መከላከያ ላይ ሰክተዋቸዋል። ሁለተኛው፣ ጁላይ መጨረሻ ሥነ ሥርዓቱ ሰሞን ሆቴል አይገኝም፣ ሲገኝም እሳት ነው፣ ትንንሽ ልጅ ካላችሁ ሴፕቴምበር ትምህርት ሲከፈት ያለው ቅዳሜ ይሻላል። ቲኬት ኦንላይን ቀድማችሁ ግዙ። ሠራተኞቹን አመስግኑልኝ፣ አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ጥያቄ ስትጠይቋቸው ሥራ የያዙ አይመስሉም፣ አንዱ ከጋሼ ጋ ስለ ኦሪዮልስ አርባ ደቂቃ ቆሞ አውርቷል።

ከተመለስን በኋላ ክርክሩ አልቆመም። ኦክቶበር 17 ማታ ኦታኒ በፕሌይኦፍ ሚልዋኪ ላይ ራሱ እየወረወረ አስር ሰው በስትራይክአውት አውጥቶ በዛው ጨዋታ ሦስት ሆምራን መታ። ልጄ ሲጮህ ጎረቤት ተነሳ። ስልኬ ጮኸ፣ ጋሼ ናቸው፣ "ልጁን አቅርብልኝ" አሉ፣ ሰጠሁት። ምን እንዳሉት አልሰማሁም፣ ልጄ ግን "እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ" ሲል ነበር። ዲሴምበር 7 ደግሞ የቦንድስ ጉዳይ እንደገና ቀረበ፣ ጋዜጠኞቹ ያልመረጧቸውን በሚያይ የ16 ሰው ኮሚቴ፣ 12 ድምጽ ያስፈልጋል። የቦንድስ የድሮ የቡድን ጓደኛ ጄፍ ኬንት ገባ። ቦንድስ አምስት ድምጽ እንኳ አልሞላለትም። ያን ማታም ጋሼ ደወሉ፣ ሲያዝኑልኝ ድምጻቸው ያስታውቃል፣ ስለ ኮሚቴው ምንም አላነሱም። "ያችን ሦስት ቤዝ ሙሉ ሆኖ ያሳለፉትን እስቲ ድገምልኝ፣ ዕለቱ ስንት ነበር?" አሉኝ። ሜይ 28፣ 1998 አልኳቸው፣ "ቆይ ልጻፈው" አሉ፣ ብዕር ሲፈልጉ ይሰማኛል።